እንግዳው ዕቃውን ሲያስር

የአራተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ጁባ ውስጥ አትላባራ በሚባለው ሰፈር በምንማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ገንፎ ያገነፋ ወላጅ ተረት ሳይናገር ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ትምህርት ቤቱ አብሳይ የመቅጠር አቅም ስላልነበረው ወላጆች በየተራ እየመጡ አሲዳ የምንለውን የማሽላ ገንፎ ያገነፉልናል፤ ገንፎው እስኪበርድ ድረስ ደግሞ ያው ወላጅ ክፍላችን ገብቶ ተረት ይነግረናል። ደንቡን ያወጡት መምህራችን ኡስታዝ ላዶ ነበሩ። ተረቱን በእንግሊዝኛ በአምስት መስመር ጽፈን፣ ቤት ወስደን አንብበን፣ አስፈርመን መመለስ ነበረብን። ከኢትዮጵያ የመጣው አባቴ ማላኪያ በሚባለው ገበያ ሱቅ ነበረው፤ ስኳር እየመዘነ በአንድ ጆሮው ይሰማኝና «ማሻአላህ» ብሎ ይፈርማል። አንድ ቀን ሆን ብዬ የሒሳብ ደብተሬን ሳነብለትም ማሻአላህ ብሎ ፈርሟል።

የእናቴ ተራ ሲደርስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እናቴ የምታውቀው ዐረብኛ የገበያ ብቻ ስለነበር፣ የተረቷ አንበሳና ጦጣ ሲከራከሩ ሽንኩርት የሚገዙ ይመስሉ ነበር። ልጆቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው አጠገቤ የምትቀመጠው ኬጂ ናት። ያኔ እያንዳንዱ ልጅ መቀመጫውን ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ እኔ የፕላስቲክ ወንበር ነበረኝ፣ ኬጂ ጀሪካን። እስከ ዕረፍት ድረስ እኔ ወንበሩ ላይ፣ ከዕረፍት በኋላ እሷ። ከእሷ ጋር የተጣላሁበትን ቀን አላስታውስም፤ እኔ ብዙ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች።

የኬጂ እናት ገና አራስ ስለነበረች፣ የቤተሰቡ ተራ ሲደርስ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ካለው ረጃፍ አያቷ መጡ። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እኛም እንደ እሷ ጂዱ፣ አያቴ፣ እያልን እንጠራቸው ጀመር። ሽማግሌ ወንድ ገንፎ ሲያማስል አይተን አናውቅምና አጥሩ ሥር ተደርድረን ተንጫጫን። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሰማዩ ጠቆረ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ጩኸት ጆሮ ይደፍን ጀመር፣ ኡስታዝ ላዶም ፋኖስ ለኮሱ። ጂዱ የከሰል ምድጃውን ከደጅ ይዘው ገቡና መሐላችን አስቀመጡት። ልብሳቸው የተጨሰ ዓሣ ይሸት ነበር፤ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያበራው ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠበቁ።

ተረታቸው ረጅም አልነበረም። ድሮ ከረጃፍ ኮረብታ ሥር በነበረ አንድ መንደር ከሩቅ የመጣ ጨው ነጋዴ ይኖር ነበር አሉ። የመንደሩ ሰው ይወደዋል፤ ልጆቹም ከመንደሩ ልጆች ጋር ያድጋሉ። ግን ነጋዴ ጆሮው መንገድ ላይ ነውና፣ ገበሬው ያልሰማውን እሱ ይሰማል። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አንዲት መበለት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ነጋዴው ጨውን በገመድ እያሰረ አየችው። ምንም አልጠየቀችውም። ተመልሳ ልጆቿን ቀሰቀሰች፣ በታንኳ ወንዙን ተሻገረች። ሌላው ሰው ሳቀባት። ማታ ላይ ከወንዙ ማዶ ሆና መንደሯን ስታይ ከአንድም ቤት ጭስ አይወጣም ነበር።

«ምንድን ነው የመጣባቸው?» ብሎ ከኋላ አንድ ልጅ ጠየቀ።

ጂዱ ፍሙን አመድ እያለበሱ፣ «ስሙን ከጠራሁት ይሰማኛል» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ክፍሉም ዞሮ እኔን አየኝ፤ ከሩቅ የመጣ የነጋዴ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። መፍራት ሲገባኝ ኩራት ተሰማኝ። ተረት ውስጥ የገባሁ ያህል ሆኖ ተሰምቶኝ ወደ ቤት እየዘለልኩ ሄድኩ።

የዚያን ዕለት ለአባቴ ሳነብለት መመዘኑን አቆመ። ማሻአላህ አላለም። ማን እንደ ነገረን፣ ሰውየው የት እንደሚኖሩ፣ ሲናገሩ ወደ ማን ያዩ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ እኔም በደስታ ነገርኩት። ፈርሞ ደብተሬን ሲመልስልኝ ለእናቴ በአማርኛ፣ «እየተመለከቱን ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃችን ከፊት እንደ ሞላ ሆኖ ከኋላ መራቆት ጀመረ። አባቴ መደርደሪያው ላይ ባዶ ካርቶን ደርድሮ የካርቶኑን ፊት ወደ ገዢው ያዞረው ነበር። ይሄንን የሚያውቀው ማላኪያ ያለ ነጋዴ ሁሉ ነው፤ ይሄዳል የተባለ ሱቅ በማግስቱ ይሰበራል፣ ስለዚህ የሚሄድ ሰው መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ አለሁ ይላል።

ትምህርት ቤቱም መልኩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ኡስታዝ ላዶ ስም ሲጠሩ መልስ የማያገኙባቸው ስሞች በዙ። መጀመሪያ የወታደር ልጆች ቀሩ፣ ቀጥሎ ዘመድ ገጠር ያላቸው። ኡስታዝ ለቀረ ልጅ ስም ትንሽ ይጠብቁና፣ እስክሪብቶውን ሳያሳርፉ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሊያገነፉ ተራ የደረሳቸው እናቶች ሳይመጡ ቀርተው ሁለት ቀን ጦማችንን ዋልን። የመጡትም ተረት ሲጠየቁ ረሳሁት ይላሉ፤ ድስቱን እያጠቡ ወደ በሩ ያያሉ።

ሐሙስ ማታ አባቴ አስቀመጠኝና ቅዳሜ እናቴ፣ እኔና ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እንደምንሄድ፣ እሱም ወዲያው እንደሚከተለን ነገረኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለኬጂም ቢሆን» አለኝ። እናቴ እዚያው ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ኬጂ እጄን ይዛ ከክፍሉ ጀርባ ወሰደችኝ። አያቷ ልከዋት ነበር። በዚያ ለስላሳ ድምጿ፣ ጂዱ ረጃፍ ላይ ታንኳውን አዘጋጅተው እንደሚጠብቁ፣ የእኛ ቤት ሰው ዕቃ እያሰረ ከሆነ በዚያው ምሽት እናቷንና ሕፃኑን ወደ ማዶ እንደሚያሻግሩ፣ ካልሆነ ግን አራስን በከንቱ ጫካ ማሳደር እንደማይፈልጉ ነገረችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ሐያት፣ ልትሄዱ ነው?»

«ማፊ» አልኳት። የለም ማለት ነው።

ጥቂት አየችኝና እሺ አለች፤ ወደ ክፍል ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ጀሪካኑ ላይ፤ ስለ ክፍልፋይ ተማርን። ቅዳሜ በረርን። አባቴም እሑድ ማታ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ጁባ ውስጥ ተኩስ መጀመሩን በሬዲዮ ሰማን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለዓመታት አላወቅሁም። አድጌ፣ አግብቼ፣ ባሌ ጁባ ሥራ ሲያገኝ ልቤ እየፈራ አብሬው ተመለስኩ። ልጄን ለማስመዝገብ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስሄድ ኡስታዝ ላዶ ጠጉራቸው ሸብቶ፣ ርእሰ መምህር ሆነው አገኘኋቸው። ስለ ኬጂ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ያኔ ረጃፍ አያቷ ዘንድ ስለነበረች በሕይወት እንደ ተረፈች፣ አሁንም እዚያው እንደምትኖር ነገሩኝ። እናቷና ሕፃኑ ግን ያን ሰኞ አትላባራ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ መሞታቸውን፣ ጂዱም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው አንድም ተረት ሳይናገሩ ማረፋቸውን ነገሩኝ።

ረጃፍ ሄጄ አገኘኋት። ወንዙ ዳር ዓሣ እያጨሰች ነበር፤ ወዲያው ዐወቀችኝ። ጭሱ መሐል ተቀመጥኩና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ ያን ቀን እንደ ዋሸኋት ነገርኳት። ለዚህ ቃል ስንት ዓመት እንደ ተዘጋጀሁ አላህ ያውቃል፤ ስናገረው ግን ከአፌ የወጣው ተራ ወሬ መሰለ።

ኬጂ ዓሣውን አገላበጠች። «ያኔውኑ ዐውቄአለሁ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ያለ ማቋረጥ የምታወሪ ልጅ፣ አንድ ቃል ብቻ መለስሽልኝ። ለአያቴ ግን አይሄዱም አልኩት። ይሄዳሉ ብዬ ብነግረው የምር የምትሄጂ መሰለኝ። እንድትሄጂ አልፈለግሁም ነበር።»

አብረን አለቀስን ብል ደስ ባለኝ፣ ግን አላለቀስንም። ዕዳው ለሁለት ሲከፈል ይቀልልኛል ብዬ ጠብቄም ከሆነ አልቀለለኝም፤ እንዲያውም የእሷ ተጨመረበት። አባቴን በስልክ ስነግረው፣ «እኔ ልጆቼን አተረፍኩ» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ከተረፉት አንዷ ነኝ፤ ያም ሆኖ ተናድጄበት አንድ ወር ያህል አልደወልኩለትም። ከዚያ ዘመን ከእኔ ጋር የቀረው የፋኖሱ ብርሃንና የከሰሉ ፍም ነው ማለት እወድ ነበር። የቀረው ግን ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ ልጄ ማታ ተረት ንገሪኝ ሲለኝ ሳይቀር አፌ ላይ ትቀድመኛለች።

ኬጂ አሁን ሁለት ልጆች አሏት። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዓሣ ዋጋ እናወራለን፣ በመጨረሻም እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «አላችሁ?» ትለኛለች። አለን እላታለሁ፤ እውነትም ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምላት። ባለፈው እሑድ ስትደውል ሻንጣ ከቁምሳጥኑ ላይ እያወረድኩ ነበር። ባሌ ከመሥሪያ ቤቱ ለማንም እንዳትናገሩ ተብሏል፤ ስልኩን ሳነሣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ።

«አላችሁ?» አለችኝ ኬጂ።

«እያሰርን ነው» አልኳት። «ዛሬውኑ ተሻገሩ።»