የፀጉር አስተካካዩ ማጅራት

የአረጋውያን መጦሪያው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ እስቲ ተመልከቱ። የመጦሪያው አዛውንቶች ወንበር ላይ ተደርድረው በሳቅ ፈርሰዋል። አንድ ሰው ብቻ ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው ቆመዋል። የሚያስቁት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው አይታይም። የሚታየው ማጅራታቸው ነው፤ ፀጉሩ አድጎ ኮሌታቸው ውስጥ ገብቷል።

ጋሽ ሳቂታ ነበር የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። አክስቴ እዚያው ትጦር ስለነበር እሁድ እሁድ አገኛቸዋለሁ። ጠያቂ ከመምጣቱ በፊት ወንበር ግቢው መሃል ያወጡና ወንዶቹን ተራ በተራ ያስተካክላሉ።

«ጆሮዬን እንዳትቆርጠው» ይላሉ ጡረተኛው ሹፌር።

«ብቆርጠውስ ምን ይቀርብሃል? ድሮም ሰው አትሰማበት። ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ልጅህ ዛሬ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙ እስክትመስለው ነው የማሳምርህ።»

የራሳቸውን ጢም በመስታወት ይላጫሉ። ማጅራት ግን ለገዛ እጅ አይመችም። አስታማሚዋ መቀስ ይዛ ስትጠጋቸው አንገታቸውን ሰብስበው ይሸሻሉ።

«ተይው እቴ፣ ይሄ የልጄ ድርሻ ነው። መቀስ አያያዝ ያስተማርኩት በዚሁ ማጅራት ነው። የመጀመሪያ ቀን አይጥ የበላው ጨርቅ አስመስሎኝ ገበያ ወጣሁ።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚመጣው?»

«ሥራ በዝቶበት ነዋ። የሰው ፀጉር ማደጉን መቼ ያቆማል።»

ሥራ በዝቶበት። ልጅየው ባሕር አልተሻገረም፣ አልታሰረም፣ አልታመመም። እዚያው ከተማ ውስጥ የራሱን ፀጉር ቤት ከፍቶ ይሠራል፤ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ቦታ ነው። አልፎ አልፎ ይደውላል። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ። «እኔማ ምን እሆናለሁ ልጄ፣ እዚህ ሙሽራ ነኝ። አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት። ስልኩ ተዘግቶም ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። የሚያወልቁበት ቦታ ያጡ ይመስሉ ነበር።

የመጦሪያው ሰዎችም ቢሆኑ የባሰ እንጂ የተሻለ አላደረጉም። ሰው ሊያጫውቱ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ወደ ጋሽ ሳቂታ ሲያመሩ፣ አስተባባሪዋ «እሳቸው ደህና ናቸው፤ የሚያለቅሱት ጋ ሂዱ» ብላ ትመልሳቸዋለች። ደህንነታቸውን በምን ለካችው? በዚያ ቤት የሚያለቅስ ሰው እጁን የሚይዝለት አያጣም። የሚስቀውን ግን ስቀውለት ይሄዳሉ። ጠያቂ ሲገባ ሁሉም ወደየዘመዱ ይዞራል፤ እሳቸው ወንበሩ ሥር የወደቀውን የሌላ ሰው ፀጉር ይጠርጋሉ። ቀስ ብለው ነበር የሚጠርጉት። ጠርገው ሲጨርሱ የሚሄዱበት የለማ።

አንድ እሁድ ወንበሩ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት በተኙበት አርፈዋል።

ልጁ የዚያኑ ዕለት መጥቶ ነበር፤ የሆነውን የነገረችኝ አስታማሚዋ ናት። ያን ቀን መንገዱ አልራቀውም፣ ሥራም አልበዛበትም። ለቀብር የሚያዝ ፎቶ ሲጠይቅ አስታማሚዋ ይህንኑ ከግድግዳው አውርዳ በውሰት ሰጠችው፤ ሌላው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ ማሳቅ የሳቸው ሥራ ስለነበር ሌላ ፎቶ የላቸውም። ትክ ብሎ አየው። ከእንባው በፊት ሙያው ቀደመው።

«ምነው፣ ማጅራቱን እንዲህ ትተዉታላችሁ?»

«እኛማ እንቢ ብለውን ነው። አንተን ሲጠብቁ ነው ያደገው።»

ጣቱን ፎቶው ላይ፣ ኮሌታውና ፀጉሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሳጥኑ ተዘግቷል?» አላት።

«ተዘግቷል።»

እናንተም «እኔማ ምን እሆናለሁ» የሚል አባት ካላችሁ በስልክ አትመኑት። ዛሬውኑ ሂዱ። ቀልዱን ከፊት ተቀምጣችሁ ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ በኋላ በኩል ዞራችሁ ማጅራቱን እዩልኝ።