ሐኪሙ ተክል አለ ተብሎ

ታላቅ እህቴ የተዳረችው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ለሚኖር ገበሬ ነው። እኛ የጭልጋ ሰዎች ነን። እናታችን ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል የሚሆን ቅጠል ታውቅ ስለነበር፣ የእህቴ አማት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጎን ታያት ነበር። ባሏ ግን ይወዳታል። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር፣ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ እንደጣለ ባሏ ጌሾ ሲተክል፣ ችግኙ ዙሪያ ያለውን አፈር በባዶ እግሩ እየረገጠ ሳለ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የዛገ ሽቦ የውስጥ እግሩን ወጋው። ናቀው። ብዙም ሳይቆይ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ጀርባውም እንደ ደጋን ይጎብጥ ጀመር። በጭነት ማኪና ጎንደር ሆስፒታል አመጡት።

ፈረንጁ ሐኪም ለተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ዋርሳዋ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ይህ የባሏ ወንድም ጥቂት ጊዜ አስኳላ ገብቶ የወጣ፣ በእንግሊዝኛው የሚኮራ ሰው ነው። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ሐኪሙ ፕላንት አለ። ደጋግሞ ነው ያለው።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አማቷ።

«ተክል። ከተክል የመጣ በሽታ ነው ማለቱ ነው።»

አማቷ ወደ እህቴ ዞረች። «ሥር ማሽ! ልጄን ምን አብልተሽ ነው?» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እህቴ በማርያም ማለች፤ በሞተው አባታችን ማለች። የሰማት የለም። ወደ ባሏ አልጋ እንዳትቀርብ ከለከሏት፤ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ትውላለች። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቆሎ ይዤላት እሄዳለሁ፤ አትበላም። «ዛሬስ አፉ ተፈታ?» ትለኛለች እንጂ ሌላ ነገር አታወራም።

ፕላንት ተክል መሆኑን እኔም ተምሬዋለሁ። ህንዳዊውን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንን፣ ሐኪም የእግር ቁስል እያየ ፕላንት ሊል ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና እግሩን አንሥቶ የጫማውን ሶል መታ መታ አደረገ።

«ፕላንታር ብሎ ይሆናል» አለኝ። «በጥንቱ የላቲን ቋንቋ ፕላንታ ውስጥ እግር ማለት ነው። ችግኝም በዚያው ስም ይጠራል። ሰው ሲተክል አፈሩን በእግሩ ስለሚረግጥ ነው የሚሉ አሉ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ውስጥ እግርን የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው።»

እየሮጥሁ ሆስፒታል ሄጄ ቁስል ለሚያጥብ ለአንድ ድሬሰር ነገርሁት። እሱም ሐኪሙን ጠይቆ ተመለሰና ቤተሰቡን ሰበሰበ፤ ሐኪሙ የተናገረው ስለ ውስጥ እግሩ ቁስል እንደሆነ፣ በሽታውም በዚያ እንደገባ አስረዳቸው። ዋርሳዋ አቀረቀረ። አማቷ «ታዲያ ምነው ቀድሞ አልነገሩን?» አለችና ነጠላዋን ተከናነበች።

እግዜር ብሎለት ሰውየው ተረፈ። መናገር ሲጀምር የሆነውን ሁሉ፣ ነገሩ ተጣርቶ እህቴ ንጹሕ መሆኗንም ጭምር ነገሩት። ያን ዕለት እህቴ ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። በጣሳ ውሃ አቀረበችለት። እጁን ሳይዘረጋ አያት፣ አያትና፣

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አላት።

ቀመሰች። ጣሳውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

ከመስቀል በኋላ ባሏ፣ እህቴ ወደ ገባችበት ወደ እናታችን ቤት ጭልጋ ሽማግሌ ላከ። ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው በሕመም ላይ ሆኖ የተናገረው አይያዝበትም። ያጣላችሁም ያ የፈረንጅ ቃል ነው» አሏት።

«አያ» አለች፣ «ቃሉን ያጣመመው ወንድሙ ነው። ቅመሺ ያለኝ ግን እሱ ነው።»

እናታችን አለቀሰች፤ ሽማግሌዎቹ ቁመው ለመኗት። አልተመለሰችም። ጥቂት ዓመት ጭልጋ ጥጥ እየፈተለች ኖረች፤ በኋላ አንድ ሸማኔ አገባች። ስለ መጀመሪያው ባሏ አንድ ቀን እንኳ አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋት።