በቃል የተጠናው የሰርቨር መመሪያ

ደባርቅ በሠራሁበት ዘመን መጨረሻ ላይ ሳልናደድ ውዬ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የበደለኝ ሰው አልነበረም። ያንገበገበኝ መመሪያ ነው፤ ራሴው የምጽፈው፣ ጨረስኩት ባልኩ ቁጥር እንደገና የሚጀመር መመሪያ።

የምሠራው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚጠይቁ አባላት ስም፣ ቀበሌያቸውና የጠየቁት መጠን ሰርቨር በምንለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ሰርቨር ደባርቅ፣ ሌላው ዳባት፣ ሌላው ድብ ባሕር ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ይታመማል። እኔም በሚኒባስ እየተንከራተትኩ፣ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ እየተቀመጠብኝ፣ እሄድና ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ እጭናለሁ፣ ዳታቤዙን እንደ አዲስ አቆማለሁ። ሲሰለቸኝ ደባርቅ ተቀምጬ ሦስቱንም በዩኒየኑ የውስጥ መስመር የማዝበት ዘዴ አበጀሁ። ሥራውን ሞጁል በሚባሉ ትንንሽ የትእዛዝ ፋይሎች ከፋፈልኩት። አንዱ ሞጁል ፓኬጅ፣ ማለትም ተጠቅልሎ የመጣ ፕሮግራም፣ መኖሩን ያይና ከሌለ ይጭናል፤ ካለ አይነካውም። ሁለተኛው ዳታቤዙን እንዲሁ ያያል፤ ከሌለ ይፈጥራል፣ ካለ ይተወዋል። ሦስተኛው ከመጠባበቂያ ቅጂው መረጃውን ይመልሳል። የሠሩ ዕለት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ያኔ ልጄ ጎንደር ነበረች። የደባርቅን ብርድ ደረቷ አልቻለውም፤ ሐኪሙም ከዚህ አውጧት ስላለ እህቴ ዘንድ አስቀመጥኳት። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከመንገድ አይወርድም። ጎንደር ሥራ ፈለግሁ፣ አገኘሁም። የቀረኝ ከዩኒየኑ መልቀቂያ ማግኘት ብቻ ነበር። እህቴ ስደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርግላታለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ድምፄን ስትሰማ ትስቅ ነበር። በኋላ ዝም ብላ ማዳመጥ ጀመረች፤ ከዚያ ስልኩን በእጇ መግፋት። እህቴ «ጨዋታ ይዛ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ገባኝ፤ ድምፄን እየረሳችው ነው።

ሥራ አስኪያጁ መልቀቂያውን አልከለከለኝም። ይሄ ነው የሚያናድደው። ቢከለክለኝ እከሰው ነበር። «ዶክመንቴሽን ትጽፊያለሽ» አለኝ፣ «የሚተካሽ ሰው አንቺ አንዲት ቃል ሳትናገሪ ብቻውን ሲሠራው በዓይኔ ካየሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ እፈርማለሁ።» የመመሪያዬን የመጀመሪያ ገጽ ሲያይ ፓኬጅ የሚለውን ከግብርና ፓኬጅ ጋር አምታቶ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ይግባ ብሎ ነበር። ሳስረዳው ሳቀና «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ያንን ተረት ያን ዓመት ስንት ሰው እንደነገረኝ! ዕንቁላሉ ሄዷል፤ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ተተኪዬ ከሒሳብ ክፍል የተዛወሩ፣ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቆሎ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዜማ ቤት ደርሰዋል፤ ኋላ አስኳላ ገብተው የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዘዋል። ቢሮው መሪጌታ ይላቸዋል። ማዕረጉ እንደሌላቸው ደጋግመው ቢናገሩም ማን ሰምቷቸው! ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ደግ ባይሆኑ ኖሮ አንድ ቀን ጮኼባቸው ይወጣልኝ ነበር።

የመመሪያውን የመጀመሪያ ክፍል ሰጥቻቸው ሰነበትኩና እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው።

«አጠናሁት እኮ፣ እህት ዓለም» አሉኝ።

«አነበቡት ማለትዎ ነው?»

«ኧረ አጠናሁት ነው የምልሽ!»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከርዕሱ ጀምረው እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ በቃላቸው ወረዱት። ፓኬጁ መኖሩን እይ፣ ከሌለ ጫን፣ ካለ ተው። በረድፍ የጻፍኩትን በረድፍ፣ በቅንፍ ያስገባሁትን ሳይቀር። ድምፃቸው ደግሞ እየሄደ እየሄደ ወደ ዜማው አዘነበለ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ የትየባ ስህተቴን፣ ሁለቴ የጻፍኩትን ቃል፣ ልክ ሁለቴ ሲሉት ሰማሁና ሳቄ ጠፋ።

መመሪያ የሚጻፈው ሰው ሲቸግረው ገልጦ እንዲያይ እንጂ እንዲሸመድደው አይደለም ብዬ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «የተጻፈማ ይጠፋል» አሉኝ፣ «መብራት ሲሄድ ወረቀትሽን በምን አየዋለሁ?» መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ሁለተኛውን ክፍል ማጥናት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ተነግሮ አያልቅም። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ የማይፈለግ ዳታቤዝ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ምሳሌ አስቀምጬ ነበር። መመሪያ የሚጽፍ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። አንድ ጠዋት ስገባ ለልምምድ የሰጠኋቸው ዳታቤዝ የለም። ማን አጠፋው ብዬ ብጠይቅ «መጽሐፍሽ ነዋ!» አሉኝ። «መጨረሻው ላይ አጥፋ ይላል።»

«እሱ እኮ ምሳሌ ነው!»

«እንዴ፣ የኔታ ፊት ይኼ ይባላል፣ ይኼ ይዘለላል ተብሎ ያውቃል? ከጀመርሽ ትጨርሻለሽ እንጂ።»

ምሳሌዎቹን ሁሉ ነቅዬ አወጣሁ። ያኔ ደግሞ ተቀየሙኝ። ትናንት ያጸኑትን ዛሬ አፈረስኩባቸው። አንድ ፓኬጅ ስሙ ተቀይሮ ሲመጣ እኔ መመሪያው ላይ አስተካከልኩ፤ እሳቸው ግን የሚጽፉት አፋቸው የለመደውን የቀድሞውን ስም ነው። ኮምፒውተሩ ስህተት ነው ሲላቸው ወደ እኔ ዞረው «ይኸው፣ ለወጥሺውና ተበላሸ» ይሉኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

አዲሶቹን ፓኬጆች የማወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ተራራው ላይ ቡይት ራስ ካለ ሎጅ ነበር፤ የቢሮው ኢንተርኔት ተኝቶ የሚውል ነውና። አንድ ሻይ አዝዤ ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ አስተናጋጁ «እህቴ፣ ምሳ አይምጣልሽ?» እያለ ይመላለሳል። በመስኮቱ በኩል ወደ ሳንቃ በር የሚወጡ በቅሎዎች፣ በቅሎ ነጂዎችና ፈረንጆች ያልፋሉ። ፈረንጆቹ ተራራውን ሲያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። እኔ ወደዚያ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ዓይኔ ፋይሉ ምን ያህል እንደወረደ ከሚያሳየው መስመር አልተነሣም። በመንገዱ ላይ ወደ ጎንደር የሚወርድ አውቶቡስ ጥሩምባ ሲያሰማ ግን ቀና እላለሁ።

ከሁሉም የባሰብኝ አንድ ጠባያቸው ነው። ከተቋረጡ ካቆሙበት አይቀጥሉም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ሰው ገብቶ ሰላም ሲላቸው፣ ሁሌም ከመጀመሪያው። ዜማ ቤት የሳተ ልጅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የለመዱት ይህንን ነው። እንደዚያ ባለ ከተማ፣ መብራቱ እንደ ዓይን ርግብግብ በሚልበት፣ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው መቼ ይጨርሳል? ጨጓራዬ ተላጠ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር፤ ገበሬው ማዳበሪያ ለማስመዝገብ የሚጎርፍበት ጊዜ። የዳባቱ ሰርቨር ተበላሽቶ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ በእሱ ይፈተኑ አለ። እኔን ከጀርባቸው ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «ድምፅሽን እንዳልሰማ» ብሎ ጣቱን አነሣብኝ። ወደ ጎንደር የሚሄደውን ሻንጣዬን ጠዋት አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

መሪጌታ እያነበነቡ ጀመሩ። ፓኬጆቹ ተጫኑ። ዳታቤዙ ቆመ። መረጃው ከመጠባበቂያው ቅጂ ተመለሰ። ከዳባት ጸሐፊዋ ደውላ «ሠራልን!» አለችና ደጅ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ገበሬ መመዝገብ ጀመረች። አንዲት የመጨረሻ ክፍል ብቻ ስትቀር ደባርቅ ላይ መብራት ጠፋ።

ዳባት አልጠፋም። እኛ ጨለማ ውስጥ እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ እነሱ ሲመዘግቡ ዋሉ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጠጥቶ መጣ፣ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ተመለሰ። መሪጌታ ተስተካክለው ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከርዕሱ ጀመሩ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በለመድኩት ንዴት ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ፓኬጁን አየ፤ አለ፣ አልነካውም። ሁለተኛው ዳታቤዙን አየ፤ አለ፣ ተወው። እነዚህ ቢደጋገሙ ጉዳት የላቸውም። ከዚያ ድንገት ሦስተኛው ሞጁል ትዝ አለኝ። እሱ አይቶ አይተውም፤ ያለውን ደምስሶ የትናንቱን ቅጂ ያመጣል። ዳባት ላይ ጠዋት የተመዘገበው ገበሬ ሁሉ ሊጠፋ ነው። ከወገራ ገጠር በእግሩ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ተመዘገብኩ ብሎ አገሩ የገባ ሰው፣ ክረምት መጥቶ ማዳበሪያ ሲጠይቅ ስምህ የለም ሊባል ነው።

ሥራ አስኪያጁን አየሁት። ፈገግ ብሏል፤ እስክሪብቶውን በእጁ ይዟል። ዝም ብል ጎንደር ነኝ። ማንም እኔን አይጠይቀኝም፤ ጣቱ የሳቸው፣ ትእዛዙ የሥራ አስኪያጁ ነው። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። መሪጌታ የሦስተኛውን ክፍል ርዕስ ማነብነብ ጀመሩ።

«ያቁሙ!» አልኩ። «በማርያም ያቁሙ! እጅዎን ያንሡ!»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ምክንያቱን ስነግረው አመሰገነኝ፤ ከልቡ ነው ያመሰገነኝ። ከዚያ ግን ተተኪሽ ብቻውን ሊሠራው እንዳልቻለ አንቺው አሳየሽን አለና ክረምቱ ሲወጣ እንደገና እንሞክራለን ብሎ ወጣ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለት ጊዜ እንዳይባል የሚል ቃል እኮ አልጻፍሽልኝም» አሉኝ ቀስ ብለው። እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑ የበለጠ አቃጠለኝ፤ ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን በእግሬ መታሁት።

ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ጉም ውስጥ ያንን ሞጁል ሠራሁት። ዳታቤዙ ውስጥ አዲስ ነገር ካለ አሻፈረኝ እንዲል፣ ባዶ ከሆነ ብቻ ቅጂውን እንዲመልስ አደረግሁት። መሪጌታን መለወጥ እንደማልችል ገብቶኝ ነበርና፣ ከመጀመሪያው ቢጀመር የማይጎዳ መመሪያ ጻፍኩ። ደስ አላቸው። በሁለተኛው ፈተና መብራት ሄደ፣ ደግሞም ሄደ፤ እሳቸው እየተመለሱ ከርዕሱ ጀመሩ፣ ምንም አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ ፈረመ። መሪጌታ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ፤ ሻንጣዬን ለማንም አላስነኩም። እግዜር ይስጣቸው፤ ዛሬም ሳስባቸው እናደዳለሁ፣ ዛሬም ይናፍቁኛል።

ጎንደር ስደርስ ልጄ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ሆና አየችኝ። አደግ ብላለች። ነይ ስላት እንግዳ እንዳየች ሁሉ ቀሚሱን አጥብቃ ያዘች። እህቴ ዕቃዬን ተቀብላኝ ስለ ልጄ ትነግረኝ ጀመረች። ገንፎ ሲሞቅ አትበላም። እንቅልፍ ሲመጣባት ጆሮዋን ታሻለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጫማዋን እሷው ካልመረጠች ታለቅሳለች። እኔም ጠየቅሁ። ገንፎው በርዶም እምቢ ካለችስ? ጆሮዋን ስታሻ ልዘላት ወይስ ላስተኛት? ስታለቅስ ዝም ካላለችስ ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ? አንዱን ስትመልስልኝ ሌላ ስጠይቃት፣ ሌላ ስጠይቃት፣ እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ በእናትሽ!» አለችኝ። «ልጅ እኮ ናት! እኔ ማን ነግሮኝ ነው? አብረሻት ኑሪና እወቂያት!»

ልጄን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። ልጄ መጀመሪያ ፊቴን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳው በር እጇን ዘርግታ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

እኔ አቤት አልኩ። ዞራም አላየችኝ።