ዳንቴል የለበሰው መብራት

እናቴ ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚቆም ዕቃ አትወድም። ቴሌቪዥኑ፣ ማይክሮዌቩ፣ የሶፋው ክንድ፣ ሁሉም እሷ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው። አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው አፓርትመንቴ ሪሞት እንኳ ልብስ አለው። እስቅባት ነበር። ዓይኗ ደክሞ ኪሮሿን አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ መስኮት ዳር መዋል ስትጀምር ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

ይህን በሆምኬር ሥራዬ ቤታቸው እየሄድኩ ለምረዳቸው ሽማግሌ ነገርኳቸው። ዌስት ሴንት ፖል ብቻቸውን የሚኖሩ ዴንማርካዊ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በወጣትነታቸው አገራቸው ሳሉ የመብራት ቅርጽ የሚነድፍ አንድ ሰው ጋ ተቀጥረው ሠርተዋል። ከመደርደሪያው ላይ አንድ መብራት አስወረዱኝ፤ ሾጣጣ ቆብ ያላት፣ ጭንቅላቷ ወደፈለጉት የምትዞር ትንሽ ነጭ ስፖትላይት። ወደ አሜሪካ ሲመጡ አለቃቸው በገዛ እጁ የሰጣቸው ነው።

«አለቃዬ በብርሃን ስስታም ነበር» አሉኝ። «ብርሃን ሥራ ላይ ይውደቅ እንጂ ዓይን ውስጥ ምን ይሠራል ይል ነበር። እኔ አላይበትም፤ እናትሽ ትሥራበት። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነውና ተጠንቀቁለት።»

አደራ የሚለውን ቃል አያውቁትም እንጂ ያሉኝ እሱን ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መብራቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ወጣሁ።

እናቴ ብርሃኑ እጇ ላይ ሲያርፍ ኪሮሿን አነሳች። በአራተኛው ቀን ከሺፍት ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። መጀመሪያ ሠርታ የጨረሰችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለመብራቱ ልብስ። «እንዲህ ያለ ባለውለታ ራቁቱን ይቁም?» አለችኝ። አምፖሉ የድሮው፣ የሚያቃጥለው ዓይነት ነው። ቆቡ አናት ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ደፍናቸው ዳንቴሉ ጠቁሯል፤ የመብራቱ ቀለምም የአውራ ጣት ያህል አረፋ አውጥቷል። ወይ ጉዴ አልኩ።

ሦስት ሳምንት ዋሸሁ። ሽማግሌው «መብራቱስ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እላለሁ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። በመጨረሻ መዋሸቴን እናቴ ሰማች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ውሰጂኝ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መኪና ውስጥ ገባች። ድራይቭ እያደረግሁ መንገዱን ሙሉ ለመንኳት። «እማዬ፣ አይታያቸውም እኮ። ለምን እናሳዝናቸዋለን?»

«ስለማይታያቸው ነዋ መናገር ያለብን» አለች።

እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እሳቸው አማርኛ አያውቁም። አጠገባቸው ተቀመጠች፣ «አባባ» አለች፣ ጣታቸውን ያዘችና አረፋው ላይ አስቀመጠችው። ጣታቸው ያቺን ቦታ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር።

«ያለበሰችው ልብስ የት አለ?» አሉ።

እናቴ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። የተቃጠለውንም ደህናውንም በጣታቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ዳሰሱት።

«መብራቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የበሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለምን እንደሆነ ብጠይቀው አለቃዬ፣ መብራትም ይተነፍሳል አለኝ። እናትሽም በዳንቴሉ ቀዳዳ አልነፈገችውም፤ ቀዳዳዎቿ ከእኔዎቹ ጋር አልገጠሙላትም እንጂ።» ሳቁ። ስተረጉምላት እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

መብራቱን አንስቼ ወደ መደርደሪያው ስሄድ እርምጃዬን ሰሙ።

«ወዴት?»

«ወደ ቦታው።»

«ስትሠራ ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል?»

«የለም፤ እጇ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«እንግዲያ ቦታው እዚያ ነው» አሉ።

መብራቱን ይዘን ተመለስን። ዳንቴሉን ግን አልመለሱልንም።