የማሂራ ሳሙናና የሸኩር አፍንጫ

አጋሮ ውስጥ የማሂራ ሙሐመድሳኒን ግቢ ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይበቃል። ሰኞ የሚቀልጥ ሞራ ይሸታል፣ ማክሰኞ የሎሚ ልጣጭ፣ ሐሙስ የማር ሰም። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ አጥሯ ጥግ ሲደርሱ ቀስ ብለው «ዛሬ ደግሞ ምን ጥዳ ነው?» ይባባላሉ። ወጥ የጣደች የሚመስለው አይጠፋም። እሷ ግን የምትጥደው ሳሙና ነው።

ነገሩ የመጣው ከልጇ ደረት ነው። አፊፋ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ አምስቱን ከአስም ጋር ኖራለች። የምትማርበት ትምህርት ቤት ከአንድ የቡና መቀሸሪያ ጀርባ ስለሆነ በቡና ወቅት የገለባው ብናኝ በመስኮት ገብቶ ደብተር ላይ ያርፋል፤ ከደብተሩ ተነሥቶ የልጅቷ ደረት ውስጥ ይገባል። አምና በአንድ ወቅት ብቻ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ «ከብናኝ፣ ከበረኪና፣ ሽታው ከሚከረፋ የዱቄት ሳሙና አርቋት» ብሎ አንድ ወረቀት ጻፈ። ለሐኪሙ ተራ ምክር ነበር። ማሂራ ግን ወረቀቱን ሕገ መንግሥት አደረገችው።

በመስከረም ርዕሰ መምህሩን አነጋገረች። ሰውየው ደግ ስለነበሩ የአፊፋ ስም መዝገብ ላይ እንዲቆይ፣ ትምህርቷን እቤት እንድትማርና ለፈተና ብቻ እንድትመጣ ፈቀዱላት። ከወላይታ መጥታ ጎረቤቷ የሆነችው ልያ ደግሞ የልጇን የቃለሕይወትን ደብተር በየቀኑ በአጥር ላይ ታቀብላታለች፤ ቃለሕይወትና አፊፋ የክፍል ጓደኞች ናቸው። ማሂራ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው መምህርት እሆናለሁ ብላ ነበር፤ ከዚያ ሸኩር መጣ፣ ሰርጉ መጣ፣ ልጅ መጣ። አሁን በሠላሳ አራት ዓመቷ አንዲት ተማሪ አገኘች። ፈርታ ነበር፤ ግን ወላሂ፣ ደስታዋ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

ባሏ ሸኩር የቡና አቅራቢ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ግን ለእሱ ትምህርት ማለት ሰልፍ፣ ደወልና ዩኒፎርም ነው። «ልጅ ማድቤት ተቀምጣ ምን ትማራለች?» ይላል። ጅማ ያለችው እኅቱ ሱሀይላ ቤቷ አስፋልት ዳር ነው፤ አጠገቧም ጥሩ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር እንዲህ ተስማሙ፤ እስከ ግማሽ ዓመቱ ፈተና እቤት ትሞክር፣ ካልሆነ አፊፋ ሱሀይላ ጋ ትሄዳለች። ማሂራ «እሺ» ብላ ተስማማች። በልቧ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ደረቷ ሲያፏጭ ማን ይሰማታል እያለች ትብሰለሰል ነበር።

ሙከራው ግን ሙከራ ብቻ አልነበረም፤ ጉድም ነበር። መጀመሪያ በረኪናና የዱቄት ሳሙና ከቤት ወጡ። በምትኩ አፊፋን ልያ ጋ ልካ፣ ግቢ ውስጥ እንዶድ ወቀጠች። ያን ቀን ከራሷ ጀምሮ እስከ አውራ ዶሮው ድረስ ያላስነጠሰ የለም። ቀጥሎ ወለሉን በማር ሰም ወለወለችው። ሸኩር ካልሲ ብቻ አድርጎ ሲገባ ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሳይራመድ ደረሰ። ሰሙ ውስጥ የቀረው ማር ደግሞ የአጋሮን ጉንዳን በሙሉ ጠራ። የመጀመሪያው ሳሙና አልረጋ ብሎ ገንፎ ሆነ፤ «የማንኪያ ሳሙና» ብለውት እየጨለፉ ልብስ አጠቡበት። በአራተኛው ሙከራ፣ ጨው ሲጨመርበት እንደሚረጋ ከስልክ ላይ አይታ፣ እንደ ጡብ የሚቆረጥ ሳሙና ሲወጣላት ማሂራ ብቻዋን ግቢ ውስጥ እልል አለች።

ትምህርቱም ከዚሁ ጋር ነበር። በተበሳ ገንቦ አመድ ሞልታ፣ ውሃ አንጠባጥባ፣ የወጣውን ታፈላዋለች። የአመዱ ውሃ ቆዳ ያቃጥላልና አፊፋ ራቅ ብላ ቆማ ትጽፋለች። «ስድስት ጣሳ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ከተነነ ስንት ቀረ?» ትላለች እናት። «ሁለት ጣሳ!» ትላለች ልጅ። የሳሙናውን ስም በአማርኛና በኦሮምኛ ትጽፋለች፤ ያልረጋበትን ምክንያት ትመዘግባለች። ማሂራ ሁልጊዜ የምትላት አንድ ነገር ነበራት፤ «አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። አለበለዚያ የትኛው እንዳበላሸው አታውቂም።»

ታዲያ ይህን የምታስተምር ሴት በጥር ወር የሠራችው ስሕተት! የቡና ነጋዴ ልጅ፣ የቡና ነጋዴ ሚስት። ሸኩር የናሙና ቡና የሚይዝባቸውን ትናንሽ ከረጢቶች በር ሥር ትቶ ነበር። አቧራ ለብሰው አየቻቸው፤ አሳዘናት። በጣም በምትኮራበት፣ በጠጅ ሣር በተሠራው ሳሙናዋ ፈትጋ አጠበቻቸው፣ ጥላ ሥር አሰጣች፣ አጣጥፋ አስቀመጠችለት። እሱም በጥድፊያ ሳያስተውል የየቡ አካባቢን ምርጥ ቡና ሞልቶባቸው ጅማ ሄደ። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ አጋሮ ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሸኩር ተመልሶ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ቁጭ አለ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነህ ነው?» አለችው ማሂራ።

«አጵሎስ ቡናዬን ቀመሰው።» አጵሎስ የሃያ ዓመት ወዳጁ፣ የቡና ቀማሽ ነው። «ፉት አለ፣ ተፋው፣ ቀና ብሎ አየኝና ‹ሸኩር፣ ልጅ ዳርክ እንዴ?› አለኝ። ‹ቡናህ ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ይላል› አለኝ። ቀማሾቹ ሁሉ ሳቁብኝ። እኔ ላይ! ገበሬውን ‹ቡናውን ከላምባ አርቅ› እያልኩ የምቆጣው እኔ ላይ!»

ሰርግ ሲሆን የሚጎዘጎዘው ጠጅ ሣር ማሂራ ዓይን ላይ መጣ። መሬት ብትዋጣት በወደደች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከረጢቶቹን አጠብኳቸው።»

ሸኩር አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «የሙሐመድሳኒ ልጅ ሆነሽ!» አለ። ቀጥሎም «በቃ። ሳሙናውም ሙከራ፣ ትምህርቱም ሙከራ። ቡናዬ ላይ የሆነውን አየሁት፤ በልጄ ላይ እስኪሆን አልጠብቅም። እሁድ ሱሀይላ ጋ አደርሳታለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ማሂራ የአፊፋን ሻንጣ አወጣች። ቀሚስ ታጥፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ያጠፈችውን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። ልያ ደብተር ልታቀብል መጥታ ይህን ስታይ አጥሩን ዞራ ገባች። «አይዞሽ እቴ፣ ጌታ ያውቃል» ብላ አብራት አለቀሰች። ያላለቀሰችው አፊፋ ብቻ ነበረች። እርሳሷን እያኘከች ታስባለች።

«እማ፣ ቡናው ሽታ የያዘው ከሳሙናው ነው ወይስ ከሣሩ?»

«አሁን ምን ልዩነት አለው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«አለው እንጂ! አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ሌላው እኩል ይሁን ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ማሂራ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከልጇ አፍ የራሷን ትምህርት ስትሰማ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአፊፋ ሥራ ነው። ከአንድ ጆንያ ስድስት እኩል ቁራጭ አስቆረጠች። በበረኪናና በዱቄት ሳሙና የሚታጠቡትን ሁለቱን ልያ በራሷ ግቢ አጠበችላቸው፤ የቀሩትን አራቱን ማሂራ አጠበች፦ አንዱን በጠጅ ሣር ሳሙና፣ አንዱን በኮሰረት ሳሙና፣ አንዱን ምንም ቅጠል ባልገባበት የአመድ ሳሙና፣ አንዱን በውሃ ብቻ። ሁሉም እኩል ተለቀለቁ፣ እኩል ፀሐይ ጠጡ። አፊፋ ከአባቷ ያልተቆላ ቡና ለየብልቃጡ አንድ አንድ እፍኝ ጨምራ፣ ቁራጮቹን ከትታ፣ ከድና፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ለጠፈች። የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ ለእናቷም አልነገረችም።

«ለምን?» አለች ማሂራ ተቀይማ።

«ፊትሽ ይናገራል፣ እማ።»

እውነቷን ነው። የማሂራ ፊት ምሥጢር ይዞ አያውቅም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አፊፋ አባቷን እጁን ይዛ ብልቃጦቹ ፊት አስቀመጠችው። «አባ፣ ዛሬ አንተ ነህ ተፈታኙ።» ሸኩር ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን አጋሮ ውስጥ «ሸኩር አፍንጫው» የሚባል ሰው ነውና እንዲህ ያለውን ፈተና እንቢ ማለት አልቻለም። ዓይኑን በፎጣ አሰረችለት። ማሂራ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ነከሰች።

አንደኛውን አሸተተ። «የሱቅ ዱቄት ሳሙና። ይሄንን ጉንፋን ይዞኝም አልስተውም።»

ሦስተኛውን አቀበለችው። «ሰርግ ቤት!» አለ ፊቱን አጨማዶ። ማሂራ ሳቋን ዋጠችው።

አራተኛው ላይ «የእናቴ ቅቤ» አለ፤ ኮሰረቱ ነበር። አምስተኛውን ገና ሲከፍተው ራሱን ወደ ኋላ አሸሸ፤ «የሆስፒታል ኮሪደር። ዝጊው፣ ማሎ፣ እባክሽ!»

ሁለተኛውና ስድስተኛው ቀሩ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ፍሬዎቹን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ዝም በሉ እስቲ» አለ፤ ዝም ያላለ ሰው ግን አልነበረም። ሻሂ ቢቀርብለት በቀዘቀዘ ነበር፣ ያን ያህል ቆየ።

«ሁለቱም ቡና ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ንጹሕ ቡና። ግን... ሁለተኛው በውሃ ብቻ የታጠበው ነው። እምላለሁ።»

አፊፋ ደብተሯን ገለጠች። ድምፅዋ የርዕሰ መምህር ሆነ። «ሁለተኛው የእማ የአመድ ሳሙና ነው። ውሃው ስድስተኛው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሣሩ እንጂ የሳሙናው አይደለም። አንተ ደግሞ አራት ከስድስት። አልፈሃል፣ ግን በርታ።»

ሸኩር ፎጣውን አላወለቀም። ራሱን ዘንበል አድርጎ የሆነ ነገር ማዳመጥ ጀመረ። «ኮቱ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ልጁን ሳባትና ጆሮውን ጀርባዋ ላይ አደረገ። ማሂራ ደነገጠች።

«ፉጨቱስ?» አለ። «ደረቷ ሁልጊዜ ያፏጭ አልነበር? ዝም በሉ ያልኩት የማሸተውን እንድለይ ነበር፤ ሳዳምጥ ግን የልጄን ትንፋሽ አጣሁት።»

«ሁለት ወር ሆነው» አለች ማሂራ። «አንተ ቡና ላይ ነበርክ። ስትመጣ እሷ ተኝታ፣ ስትሄድ እሷ ተኝታ። እነግርሃለሁ እያልኩ፣ ስናገር የሚመለስ እየመሰለኝ ፈራሁ።»

ሸኩር ፎጣውን ከዓይኑ አወለቀ። ፎጣው ረጥቦ ነበር። «አልሀምዱሊላህ» አለ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣና ከመኪናው አሥራ ሁለት ባዶ ከረጢቶች አምጥቶ ማሂራ እግር ሥር ቆለላቸው። «በሁለተኛው ቁጥር እጠቢልኝ» አለ። «ሣር የሚባል ነገር ግን አጠገባቸው እንዳይደርስ።» ማሂራ አለቀሰችም፣ ሳቀችም፤ የቱ እንደቀደመ ዛሬም አታውቅም። አፊፋ ለአባቷ ድጋሚ ፈተና መቼ እንደሚሰጠው ታስብ ነበር።

እሁድ ግን ጅማ መሄዳቸው አልቀረም፤ ሱሀይላ ምሳ ሠርታ ትጠብቅ ነበርና። ሻንጣውንም ይዘው ሄዱ። ሱሀይላ በሩ ላይ ተቀብላ፣ አፊፋን አገላብጣ ስማ፣ የልጅቷን ቀሚሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ልትሰቅል ሻንጣውን ከፈተችው። አርባ ቁራጭ ሳሙና ሞልቶታል፤ እያንዳንዱ ላይ በአፊፋ ጽሕፈት ስሙ ተለጥፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው? የልጅቷ ልብስ የታለ?» አለች ሱሀይላ ግራ ተጋብታ።

ሸኩር ጫማውን እያወለቀ ነበር። «ልብሷማ ቤቷ ነው ያለው» አለ።