በቅጹ ላይ ቦታ ያልነበረው ቃል

ከሱዳቤህ ኪያኒ ጋር ኢራን፣ ራሽት ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ከባሌ ጋር የኖርኩት እንኳ ከዚያ ያንሳል። ሁለታችንም ማኅበራዊ ሠራተኞች ነበርን። ሥራችን ሰው ቤት መሄድ፣ መጠየቅና መጻፍ ነበር። አሳዳጊ ያጡ ልጆች፣ ባል የሚደበድባቸው ሴቶች፣ ከእስር ወጥተው መግቢያ ያጡ ሰዎች ይመጡልን ነበር። በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ደግሞ ሲወለዱ የተጻፈላቸው ጾታ የእነሱ እንዳልሆነ የሚያውቁ፣ መታወቂያቸው እንዲለወጥ ፍርድ ቤት ያመለከቱ ሰዎች ይመጣሉ። ሐኪሞች ይጽፉላቸዋል፣ ዳኛው ይወስናል፣ በመሀል የእኛ ቢሮ ሪፖርት አለ። እሱን የምትጽፈው ሱዳቤህ ነበረች።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግናት ጸሐፊ ነበረች። ስርዝ ድልዝ አታውቅም። ባሏ በወጣትነቱ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ ጎረቤት አታበዛም። ቤት ለቤት ስትዞር ኪሷ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ትይዛለች። የሰማችውን ሁሉ እዚያ ላይ ትጭርና ቢሮ ስትመለስ የሚያስፈልገውን ብቻ ቅጹ ላይ ትገለብጣለች። ቅጹ ስድስት ገጽ ነው። በሕፃንነትህ በምን ትጫወት ነበር? ስትቀመጥ እግርህን እንዴት ታደርጋለህ? ማንን ታፈቅራለህ? የቤተሰቡ ኃላፊ ይስማማል ወይስ አይስማማም?

ፐረስቱ የመጣችው በመከር ወር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወረቀቷ ላይ ያለው ስም ኢራጅ፣ የወንድ ስም ነው። እኛ ቋንቋ ውስጥ እሱና እሷ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ሰውን በዚህ በኩል ለመጉዳት ሆን ብሎ የተወውን ስም መጥራት ያስፈልጋል። ሱዳቤህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል “አቶ ኢራጅ” አለቻት።

“ፐረስቱ ቢሉኝ ደስ ይለኛል፣ ኻኑም” አለች፤ ኻኑም በእኛ ‘ወይዘሮ’ ማለት ነው።

“እኔ የምጠራው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።”

እኔ ሱፍ እየፈለፈልኩ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይህን የምናገረው በኋላ ላይ ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ እንዳላስቀምጥ ነው።

ሱዳቤህ በሁለተኛው ሳምንት ቤታቸው ሄደች፣ ተመልሳም ጻፈች። “ቤተሰብ አይስማማም። የሴትነት ጠባዩ የተጠናና የተጋነነ ይመስላል። ሁለት ዓመት ታይቶ እንደገና ይቅረብ።” ዳኛው ተቀበለው። ፐረስቱ ወረቀቷን ልትወስድ አንድ ጠዋት መጣች፤ ፀጉሯ በዝናብ ርሶ ነበር።

“ሁለቱን ዓመት የት ልሁን?” ብላ ጠየቀች።

“ቤት፣ አቶ ኢራጅ” አለቻት ሱዳቤህ።

ልጅቷ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እኛ ሻይ ጠጣን።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በነዚህ ዓመታት ሱዳቤህ እንደዚያ ያሉ ሪፖርቶችን ስንት እንደጻፈች አልቆጠርኩም። አንድ ቅዳሜ ቤህራንግ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ክንዶቹ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ። ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዝግቧል። ሳቂታ ነበር፤ ገና ሳይቀመጥ “ወንበሩ ላይ እግሬን እንዴት ላድርግ? ይጠየቃል ብለውኛል” አለ። ሱዳቤህ አልሳቀችም። ቅጹን ገለጠች።

“ወንድ መሆንዎን መቼ አወቁ?”

“እርስዎስ ኻኑም፣ ሴት መሆንዎን መቼ አወቁ?”

“እዚህ የምጠየቀው እኔ አይደለሁም።”

“እሱንማ አውቃለሁ። ግን ዳኛ ፊት ቀርበው ቢጠየቁ ምን ይላሉ? ምስክር አለዎት?”

ሱዳቤህ እስክሪብቶዋን አነሳች።

“እኔማ… እንዲሁ ነኝ” አለች።

“እኔም እንዲሁ ነኝ። ይቺ ስድስት ገጽ ይወጣታል?”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሱ አለችው። ሲወጣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። “አዛር፣ እጄ አይሰማኝም” አለችኝ። ደም ግፊት መስሎኝ ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ለካት፣ ጤነኛ ነሽ፣ ድካም ነው አላት። እጇ በማግስቱ ሻረ። ውስጧ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ ሥራም አልቀረችም። አንድ ቀን ያመጣችውን ሩዝ ቀምሼ “ጨው የለውም እኮ” ስላት “የለውም እንዴ?” ብላ ዝም ብላ ጨረሰችው። እናቷ ታማ ስትወድቅ እንኳ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ምድር ቤት ወርዳ የፐረስቱን ፋይል አወጣች። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ከምሳ በፊት አነበበችው፣ ከምሳ በኋላም አነበበችው። ከዚያ አሮጌ ማስታወሻ ደብተሮቿን ከቤቷ አመጣች፤ አንድም አልጣለችም ነበር። ምን እንዳገኘች አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ቤህራንግ ሲመጣ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

“ምን ብዬ ልጥራዎ?” አለችው።

“ቤህራንግ።”

“ዳኛው ስለ እርስዎ ምን እንዲያውቅ ይፈልጋሉ? የማይፈልጉትስ?”

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ወጥመድ ነው ወይ እንደማለት። እኔ ትከሻዬን ሰበቅኩ። እሱ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች፣ ከዚያ አነበበችለት፣ ቀጥሎም እስክሪብቶውን ሰጠችው። አንዱን አንቀጽ ሰረዘ።

“ማንን እንደማፈቅር ዳኛውን ምን አገባው?”

“ምንም” አለችው።

አለቃችን አቶ ዳንሽቫር ሪፖርቱን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጡረታው እስኪደርስ ነገር እንዳይነሳበት ብቻ ይፈልግ ነበር።

“ሱዳቤህ ኻኑም፣ ይሄ ሪፖርት ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ? ባለጉዳዩ ራሱ ያርማል እንዴ?”

“የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ከኔ የበለጠ ያውቀዋል።”

“እና የእርስዎ ሙያ ምኑ ላይ ነው?”

“እኔ ዳኛ አይደለሁም። ሐኪምም አይደለሁም። ሰው መንገዱን ሲሄድ እንዳይወድቅ አብሬው የምሄድ ነኝ። እኔ ተጠይቄ የማላውቀውን ማስረጃ ሌላውን ስጠይቅ ሃያ ዓመት ጨረስኩ።”

ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ አላለም። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምታነብ ነበር የምትመስለው። አቶ ዳንሽቫር ሪፖርቱን ሦስት ጊዜ መለሰው፤ ሦስት ጊዜ አንድ ፊደል ሳትነካ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። በአራተኛው ሰለቸውና ፈረመ። ዳኛው በጸደይ ወራት ተቀበለው። ቤህራንግ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን፤ ቢሮው ሁሉ እየቆረሰ በላ።

“ደስ አላለሽም?” አልኳት።

“ያለኝ ይመስለኛል” አለች።

ፐረስቱን ማግኘት እንደምትፈልግ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። “አድራሻዋ ፋይሉ ላይ አለ፣ ከዚያ ጀምረሽ ፈልጊያት” አልኳት።

“ፋይሉ ላይ ያለው አድራሻ ለሥራ ነው የተሰጠኝ” አለች። “ለኔ ጸጸት አይደለም።”

ቤህራንግን ጠየቀችው። የት እንዳለች ይንገሩኝ አላለችውም፤ ከጓደኞችዎ መሀል የሚያውቃት ሰው ካለ እኔ ላያት እንደምፈልግ ይንገርልኝ፣ እምቢ ካለች በቃ ነው ያለችው። ከወር በኋላ ቤህራንግ መልስ ይዞ መጣ። “አንዛሊ ወደብ ናት፣ ልብስ ትሰፋለች። ትምጣ ብላለች፤ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ የለኝም ብላለች።”

አብሬያት ሄድኩ። ሱቁ ከወደቡ ጀርባ ነው፤ የዓሣ ሽታ እስከ ውስጥ ይገባል። ፐረስቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። መነጽር አድርጋለች፣ ከንፈሯ መሀል መርፌዎች ይዛለች። እያፈራረቀች አየችን።

“ከሁለታችሁ የትኛዋ ናት?”

“እኔ ነኝ” አለች ሱዳቤህ።

“ፊትሽን አላስታውሰውም። ስንት ቢሮ ዞሬያለሁ። ጠረጴዛውን ግን አስታውሳለሁ፤ መስታወት ነበረው፣ ከመስታወቱ ሥር የአበባ ፎቶ።”

“አሁንም አለ” አልኩ እኔ። የማይረባ ነገር ነበር።

አንቺ ነው ያለቻት። ሱዳቤህ በዕድሜ እናቷ ትሆናለች፤ ግን እኔ ብሆንም አንቱታ አልጠብቅም ነበር። ሱዳቤህ እስከ መጨረሻው እርስዎ አለቻት። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

“ያኔ የጻፍኩት ስሕተት እንደነበር ጽፌ ፋይልዎ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ በፊርማዬ። ይኼ ቅጂው ነው።”

“ለማን ይጠቅማል? እኔ መታወቂያዬን ኢስፋሃን ከተማ ሄጄ አግኝቼዋለሁ። አራት ዓመት ፈጀ።”

“አላወቅኩም ነበር።”

“አሁን አወቅሽ።”

“ይቅር ይበሉኝ ልል አልመጣሁም።”

“ጥሩ። አልልሽም ነበር።”

ንዴት የለባትም። አንዱን መርፌ ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችው። ከዚያ ሌላውን። መርፌዎቹን ስትጨርስ ቀና አለች።

“ቤታችን መጥተሽ ነበር። አባቴ እኔን ጓሮ አስወጣኝ። እናቴ ማድ ቤት ውስጥ አናገረችሽ፤ በመስኮት አይቻችኋለሁ። ምን አለችሽ?”

“በምስጢር ነው የነገሩኝ” አለች ሱዳቤህ።

“ሞታለች። ስድስት ዓመት አለፋት። ቀብሯ ላይ አላስቆሙኝም።”

ሱዳቤህ ወደ እኔ ዞረች። በሙያችን ሰው በአደራ የነገረህን አታወጣም፤ ሟች ቢሆንም። መልሳ ወደ ፐረስቱ ዞረች።

“እናትዎ እርስዎ ቢሰሙት ቅር የሚላቸው ይመስልዎታል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? የሰማሽው አንቺ።”

ሱዳቤህ ቦርሳዋን እንደገና ከፈተች። ያቺን የድሮ ደብተር ይዛት መጥታ ነበር። ገጹን አገኘችና እንዳለ አነበበችው።

“‘ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ሴት ልጄ ናት አለች። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አውቃለሁ አለች። ፀጉሯን እየሠራሁላት አባቷ ሊመጣ ሲል እፈታዋለሁ። ባሌ አይስማ፣ ዳኛው ግን ይስማ አለች።’”

ፐረስቱ ጨርቁን አስቀመጠች።

“‘ሴት ልጄ’ ነው ያለችው?”

“ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን አልጻፍኩትም።”

“ታዲያ እንዴት ‘ቤተሰብ አይስማማም’ አልሽ?”

“ቅጹ የቤተሰቡን ኃላፊ ነበር የሚጠይቀው። ለእናት ቦታ አልነበረውም። ጠርዙ ላይ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም።”

ፐረስቱ ጨርቁን ከስፌት መኪናው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ስፌቱን እስከ ጫፍ ወሰደችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

“ሌላ ምን አለች?”

“ምሳ ብዪ አሉኝ። አልበላሁም።”

“ምን ሠርታ ነበር?”

“ባቄላ በእንቁላል። እንስላል በዝቶበት።”

“እሱን ስትችልበት” አለች ፐረስቱ፤ እጇን ዘረጋች። “ገጹን ስጪኝ።”

ሱዳቤህ ገጹን ከደብተሩ ቀድዳ ሰጠቻት። ፐረስቱ አላነበበችውም፤ አጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የሱዳቤህን ደብዳቤ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተወችው። አሥር ደቂቃ የተባለው አርባ ሆኖ ነበር። አንዲት ደንበኛ የሠርግ ቀሚስ ተሸክማ ገባች፣ እኛም ወጣን።

አውቶቡስ ውስጥ “ቀለለሽ?” ብዬ ጠየቅኳት።

“አልቀለለኝም” አለች። “አልከበደኝምም። ለእሷ የሚሆን ነገር ነበረኝ፣ ወሰደችው።” ከዚያ እስክንደርስ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ቅጹ አልተለወጠም፤ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ መልስ አላገኘችም። ቢሆንም በእነዚያ ሁለት ዓመታት የጻፈቻቸው ሪፖርቶች ሁሉ በጠርዛቸው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር አላቸው፦ እናት እንዲህ ትላለች፣ አያት እንዲህ ትላለች፣ ጎረቤቱ ዝም አለ ግን ሻይ አቀረበ። አንድ ዳኛ “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ሲልክባት “ቦታ ያጣ መልስ ነው” ብላ መለሰችለት። አሁን በእሷ ወንበር ላይ ያለችው ልጅም ጠርዙ ላይ ትጽፋለች። ትእዛዝ ስለተሰጣት አይደለም፤ የድሮዎቹን ፋይሎች እያየች ነው የተማረችው።

ሱዳቤህን ዓርብ ዓርብ እጠይቃታለሁ። ለመደንዘዟ ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷታል፤ ትውጣለች፣ ይሠራ እንደሆነ ስጠይቃት “በምን አውቃለሁ?” ትላለች። ስለ ሥራ አናወራም። ቤህራንግ አሁን የራሱ ዳቦ ቤት አለው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ፐረስቱ አልደወለችም። ስልኳን የሚያውቀው ቤህራንግ ነው። እሱ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።