ታሞ የማያውቀው ይታየው

ገበያነሽ ይታየውን ያገባችው በሁለተኛ ትዳሯ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት መሐል ሜዳ ገበያ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እየሸጠች ብቻዋን ስትኖር፣ ቀየት ከሚባል አገር አንድ መልከ መልካም ፈረስና ከፈረሱ የሚፈጥን ምላስ ያለው ሰው ሽማግሌ ላከባት። ፈረሱን አይታ እሺ አለች። ምላሱን ያወቀችው ከገባች በኋላ ነው።

ይታየው የሚመካው ታሞ ባለማወቁ ነበር። ለቅሶ ቤት ያወራዋል፤ ገበያ ያወራዋል። ጓሳ ደጋው ላይ ውርጩ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ ሌላው በጋቢው ላይ ባና ይደርባል፤ እሱ ደረቱን ከፍቶ ይቆማል። "የእኛ ደም ሌላ ነው" ይላል። እናቱ ሆዳቸው አብጦ መሞታቸውን፣ ታላቅ ወንድሙም እንደዚያው ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ሰልሎ መቀበሩን ያነሳበት ሰው ካለ ግን "እነሱ መተት ተደርጎባቸው ነው" ብሎ ወሬ ይቀይራል። ቤተሰቡ እያለቀ በቤተሰቡ ደም የሚኮራ ሰው ገበያነሽ አይታ አታውቅም። ያኔ ግን አዲስ ሙሽራ ነበረችና ዋጥ አደረገችው።

በተጋቡ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታመመች። መጀመሪያ ድካም ብቻ መስሏት ነበር። ቀጥሎ የወጥ ሽታ ያቅለሸልሻት ጀመር፤ ሽንቷም እንደ ጠላ ጠቆረ። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ አየለች ልትጠይቃት ገብታ ዓይኗን ስታይ ክው አለች።

"አንቺ! ዓይንሽ ወይባ መስሏል እኮ! የወፍ በሽታ ነው!"

በአንድ ጊዜ መንደሩ ሁሉ የሌሊት ወፍ አዋቂ ሆነ። አንዱ ወፏ በላይዋ ስታልፍ ሸንታባት ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ያሰጣችው ልብስ ላይ ነው ይላል። ገበያነሽ መደብ ላይ ተኝታ ትሰማቸዋለች። ያን ሁሉ ባና እየዞረች ስትሸጥ ያልነካቻት ወፍ፣ ቤቷ ተቀምጣ ልታገኛት መምጣቷ አሳቃት፤ ለመሳቅ ግን አቅም አልነበራትም።

ይታየው ከሁሉ ባሰ። ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለየ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ "ምን ዓይነት ደም ነው ያለሽ? አንዲት ወፍ የምትጥለው!" አላት። በማግስቱ መድኃኒት አዋቂ የሚባለውን ማዕረግን ይዞ መጣ። ማዕረግ ሥር ቀጥቅጦ፣ በጥብጦ፣ በቅል ሰጣት።

"ይኼ አንጀትሽን ጠርጎ ቢጫውን ያወጣዋል" አለ።

"እስቲ አንተ ቅመሰው።"

"እኔን ምን አመመኝና?"

"ጎሽ፣ እንግዲያው ጤናህን ጠብቅ" አለችና ምድጃው አመድ ላይ ደፋችው። ይታየው ባዕድ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ጮኸ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት የወሰደቻት አየለች ናት። ደሟ ተመርምሮ ሲያበቃ ናኢማ የምትባል ወጣት የጤና መኮንን አስቀመጠቻት። "ሄፓታይተስ ቢ ይባላል፣ እናቴ። የጉበት ቫይረስ ነው። ወፍ የለችበትም።"

"እና ይኼ ቫይረስ ነው ጉበቴን የሚበላው?"

"እሱ ጉበትዎ ውስጥ ገብቶ ይራባል እንጂ በራሱ ብዙም አያፈርሰውም። የሚያፈርሰው የራስዎ ሰውነት ነው።"

"የራሴ?" ገበያነሽ ተቆጣች። "እኔ በራሴ ላይ ምን አደረግሁ?"

"ሰውነትዎ ባዕድ መግባቱን አወቀበት። ደምዎ ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ሕዋሳት አሉ። ቫይረሱ የተደበቀባቸውን የጉበት ሕዋሳት እየፈለጉ ይገድላሉ። ጉበቱ በዚህ ሲጎዳ ማስወገድ የነበረበት ቢጫ ነገር ደም ውስጥ ይቀራል፤ ዓይንዎ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ካደገ በኋላ ለያዘው ሰው፣ እንዲህ መታመም ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ እየተዋጋ መሆኑን ነው የሚያሳየው። አብዛኛውም ያሸንፋል።"

"የማያሸንፍስ?"

"ውጊያው ከልክ አልፎ ጉበቱን የሚያወድምበት ጊዜ አለ። ሐሳብዎ ከተምታታ፣ እንቅልፍ ከበዛብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። አረቄ አይቅመሱ። ሥር የሚያጠጣ ሰው ከመጣም አይስሙት።" ናኢማ ጥቂት አመነታች። "የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅ ነው። በብርጭቆ አይተላለፍም። ባለቤትዎን ያምጧቸው።"

"እሱ እንኳ ታሞ አያውቅም።"

"ለዚህ እኮ ነው ያምጧቸው ያልኩት።"

የገበያነሽ ዓይን ቀስ በቀስ ነጣላት፤ እህልም ወሰደላት። ይታየውን ግን በልመና ሐኪም ቤት መውሰድ እንደማይቻል ታውቃለች። ስለዚህ ወንዶች በተሰበሰቡበት፣ "ያንን የምትኮራበትን ደም ለማሳየት ምነው ፈራህ?" አለችው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈረሱን ሸልሞ፣ ለሠርግ የሚሄድ መስሎ መሐል ሜዳ ወረደ።

ደሙ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። መሣሪያው ተበላሽቷል አለ፤ ደገሙለት። ያው ሆነ።

ናኢማ ለእሱም አስረዳችው። "ሲወለዱ ከእናትዎ የወሰዱት ይመስለኛል። የሕፃን ሰውነት ቫይረሱን እንደ ጠላት አያየውም፤ አብሮት ያድጋል። ስላልተዋጋው አልታመሙም።"

"ታዲያ ጤነኛ ነኛ!"

"አይደሉም። ሰውነትዎ በኋላ ነቅቷል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን አልቻለም። ቫይረሱን በነካካው ቁጥር ጉበትዎ ጠባሳ እየያዘ ነው። መድኃኒት ካልጀመሩ... እናትዎ በምን ነበር የሞቱት?"

ይታየው የፈረሱን አለንጋ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይደባብሰው ነበር።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ገበያነሽ ያመቀችውን ሁሉ አወጣችው። "በሽታውን የሰጠኸኝ አንተ፣ ብርጭቆዬን የለየኸው አንተ! የእኔ ደም ተዋግቶ ነው የጣለኝ። ያንተ ደም ምን ሠራ? ተኛ! ዕድሜህን ሙሉ በእንቅልፍ ስትፎክር ኖርክ!"

ከወራት በኋላ ገበያነሽ ስትመረመር ቫይረሱ ከደሟ ጠፍቶ፣ ዳግመኛ እንዳይዛት የሚከላከል ነገር በቦታው ተገኝቷል። ይታየው በየቀኑ ክኒን ይውጣል። ለሰው የሚናገረው ቫይታሚን ነው ብሎ ነው። ገበያነሽ አታጋልጠውም፤ ሲዋሽ ግን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልለቀቀችውም። ታናሽ እህቱ ወለተ ኢየሱስ ነፍሰ ጡር ናት፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። "አንቺ ንገሪያት፣ ሴት ለሴት..." ብሎ ለመናት። "አፍ የለህም? ስትፎክር የት ነበር የምታገኘው?" አለችው።

ሄዱ። ይታየው እህቱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ስለ ገብሱ አወራ። ስለ ፈረሱ ሰኮና አወራ። ስለ ዘንድሮው ውርጭ አወራ። ገበያነሽ በንቀት እያየችው በአንዲት ቃል እንኳ አልረዳችውም። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ "ደምሽን ተመርመሪ" አለ። "እኔ... አለብኝ። ከእማዬ ነው የመጣው ይላሉ። አንቺም ካለብሽ መድኃኒት አለው፤ ልጁም እንደተወለደ የሚወጉት ክትባት አለ።"

ወለተ ኢየሱስ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ጋሼም በዚሁ ነው የሞተው?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

"መተት ነው ስትል አልነበር?"

"ስል ነበር" አለ ይታየው።

ወለተ ኢየሱስ ተነሥታ ሐኪም ቤት ለመሄድ ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።